የመኪና ቦል ጆይንት

ቦል ጆይንት ከመኪና የፊት እግር ክፍሎች አንዱ ሲሆን ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲዞር፣ ጉድጓድና ጉብታ ሲያጋጥመው ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ የሚያስችል መጋጠሚያ ነው። አሠራሩ የሰውን የዳሌ መጋጠሚያ ይመስላል። ክብ ራስ ያለው የብረት ዘንግ እንደ ሲኒ በተቦረቦረ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ግራሶ አለ፤ አቧራና ውኃ እንዳይገባ ደግሞ ከላይ የጎማ ሽፋን ይለብሳል። መጠኑ ከሰው ጡጫ አይበልጥም። ሆኖም አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች የፊት ጎማቸው ከታች በኩል የሚያዘው በዚህ አንድ ዕቃ ስለሆነ፣ ሲነቀል የሚያስከትለው አደጋ ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም።

ይህ ጽሑፍ ቦል ጆይንት ምን እንደሚሠራ፣ ማለቁ እንዴት እንደሚታወቅ እና በቤት ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚቀየር ያስረዳል። ለምሳሌ የተወሰደው በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላ ነው። በዚህ መኪና ላይ ቦል ጆይንቱ ለብቻው የሚፈታ ስለሆነ ሥራው ከሌሎች ይቀላል።

ስያሜ

የኢትዮጵያ ጋራዥ ቋንቋ በአብዛኛው ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ቦል ጆይንት ግን ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «የኳስ መጋጠሚያ» ማለት ነው። ከእርሱ ጋር በመልክ የሚመሳሰለው የመሪ ቴስቲኒ (ቴስቲና) ስሙን ያገኘው «ትንሽ ራስ» ከሚል የጣልያንኛ ቃል ነው። ሁለቱም ባለ ክብ ራስ ዘንግ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ቴስቲኒ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው ያስተላልፋል፤ ቦል ጆይንት ደግሞ ጎማውን ከብራቾው ጋር ይይዛል። ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ «የብራቾ» ወይም «የታችኛው» ብሎ መለየት ከአላስፈላጊ ምልልስ ያድናል።

ታሪክ

ቦል ጆይንት ከመስፋፋቱ በፊት የመኪኖች የፊት ጎማ የሚዞረው ቀጥ ብሎ በቆመ ወፍራም የብረት ዘንግ ላይ ነበር። ይህ አሠራር ጠንካራ ቢሆንም ክብደቱ ብዙ ነው፣ ቶሎ ቶሎም ግራሶ ይፈልጋል፤ በከባድ መኪኖች ላይ ግን ዛሬም አለ። በ1922 (እ.ኤ.አ.) ፍሪትስ ፋውዲ የተባለ ሰው በጀርመን አገር ለቦል ጆይንት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከአሜሪካ መኪኖች ውስጥ የ1952 ሊንከን የፊት እግሩን በቦል ጆይንት በመሥራት ቀዳሚ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ የሚበልጠው ግን የኧርል ማክፈርሰን ሥራ ነው። ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞላውንና አሞርዛተሩን አንድ ላይ ያቆመ፣ ከላይ ያለውን ብራቾ ጭራሽ ያስቀረ የፊት እግር ነደፈ። ወደ ፎርድ ኩባንያ ከተዛወረ በኋላ ንድፉ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ በተሠሩት ፎርድ ኮንሰል እና ዜፊር ላይ ዋለ። ርካሽና ቦታ የማይፈጅ በመሆኑ ዛሬ አብዛኞቹ ትናንሽ የቤት መኪኖች፣ ኮሮላንም ጨምሮ፣ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የላይኛው ብራቾ ሲቀር የላይኛው ቦል ጆይንትም አብሮ ቀረ። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ የታችኛው ብቻውን የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደቱ በማን ላይ ነው?

ቦል ጆይንት ለመመርመርም ሆነ ለመቀየር መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የመኪናው ክብደት በየት በኩል ወደ ጎማው እንደሚወርድ ነው።

በማክፈርሰን ንድፍ ክብደቱ ከቦዲው ተነስቶ በሞላውና በአሞርዛተሩ በኩል በቀጥታ ናክል ወደሚባለው፣ ጎማው ወደሚታሰርበት ወፍራም ብረት ይወርዳል። ቦል ጆይንቱ ክብደት አይሸከምም። የእርሱ ሥራ ናክሉ ከታች በኩል ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ መያዝ ነው። ፍሬን ሲያዝ፣ መኪናው ሲታጠፍ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ኃይሉ የሚያርፍበት እርሱ ላይ ነው። ጎማው ከመሬት ሲነሳ ግን ጫና ስለማይኖርበት ልልነቱ በእጅ ይታወቃል፤ ሲፈታም የታመቀ ሞላ አይለቅም። ይህ ሥራ በቤት ሊሠራ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላው በታችኛው ብራቾ ላይ በሚያርፍባቸው መኪኖች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ፒካፖችና የቆዩ ትልልቅ መኪኖች ከዚህ ወገን ናቸው። በእነርሱ ላይ ታችኛው ቦል ጆይንት የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ መኪናው በሻንሲው ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል እንኳ ሞላው ስለሚገፋው ልልነቱ ሊደበቅ ይችላል። ለምርመራ ክሪኩ ከብራቾው ሥር መግባት አለበት። ቦል ጆይንቱ ያለ ጥንቃቄ ቢፈታ ሞላው ብራቾውን ሰው ሊገድል በሚችል ኃይል ወደ ታች ሊወረውረው ስለሚችል፣ የእነዚህ መኪኖች ሥራ ለጋራዥ የሚተው ነው። ክብደት የሚሸከም ቦል ጆይንት ምን ያህል ስስ ጉዳይ እንደሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ በአሜሪካ የሸጣቸውን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ታኮማን የመሰሉ መኪኖች ለጥገና የጠራው፣ ሲመረቱ የቦል ጆይንታቸው ገጽ ተጭሮ ሊሆን ስለሚችል ነበር።

የማለቅ ምልክቶች

ቦል ጆይንት የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ከጎማ ሽፋኑ ጀምሮ ነው። ሽፋኑ በድንጋይ ይቀደዳል ወይም በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ጭቃና አቧራ ይገባል። አሸዋ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ማለስለሱ ቀርቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረት ይበላል። ስለዚህ ሽፋኑ የተቀደደ ቦል ጆይንት ገና ባይላላም እንዳለቀ ቢቆጠር ይሻላል። ሽፋኑን ብቻ ገዝቶ ማልበስ አሸዋውን ውስጥ አሽጎ መተው ነው።

ልልነቱ ሲጀምር በጎርባጣ መንገድ ላይ ከፊት ጎማ በኩል ደረቅ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በተለይ መኪናው በዝግታ የፍጥነት መቀነሻ ሲሻገር። መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ ይበላል። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች የቦል ጆይንት ብቻ አለመሆናቸው ነው። ያረጀ የብራቾ ቡሽ፣ የላላ ቴስቲኒ፣ የሞተ አሞርዛተር ሁሉ ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰሙ ይችላሉ። በድምፅ ብቻ ተመርቶ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ያባክናል።

እርግጡን ለማወቅ ጎማው ከመሬት ይነሳና መኪናው በድጋፍ ላይ ይቆማል። አንድ እጅ በጎማው አናት፣ ሌላው በግርጌው ይሆንና ጎማው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቀነቃል። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን ረግጦ እንዲይዝ ተደርጎ ይደገማል። ፍሬኑ ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ያለቀው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጥፋቱ ከቦል ጆይንቱ ወይም ከአካባቢው ነው። ቀጥሎ ረዘም ያለ ጠንካራ ብረት በብራቾውና በናክሉ መካከል ገብቶ በዝግታ ወደ ታችና ወደ ላይ ይገፋል። ጤነኛ ቦል ጆይንት በዚህ ግፊት ዘንጉ ከቤቱ ሲወጣና ሲገባ አይታይም። የሚፈቀደው ልልነት በሚሊሜትር በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ይጻፋል፤ በዓይን በግልጽ የሚታይ ከሆነ ግን መለካት አያስፈልገውም።

ችላ ከተባለ መጨረሻው ዘንጉ ከቤቱ ተነቅሎ መውጣቱ ነው። በዚያች ቅጽበት ናክሉን ከታች የሚይዘው ስለሌለ ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል፣ መኪናው በፊት ማዕዘኑ መሬት ላይ ይወድቃል፣ መሪውም አይታዘዝም። አክስሉ ሊነቀል፣ የፍሬኑ ቱቦም ሊበጠስ ይችላል። በሰፈር ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ከሆነ ጉዳቱ በብረት ያበቃል። በፈጣን መንገድ ላይ ከሆነ ግን መኪናው ወደ ሌላው አቅጣጫ ሊገባ ይችላል።

ዕቃ መምረጥ

ቦል ጆይንት ያገለገለ ሊገዛ የማይገባ ዕቃ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ በር ወይም መስተዋት መግዛት ብልህነት ሊሆን ይችላል፤ የቦል ጆይንት እርጅና ግን ከውጭ አይታይም። አዲሱ ሲመረጥ ዘንጉ በጣት ይወዛወዛል፤ እኩል የሆነ ጠንከር ያለ መቋቋም ሊኖረው ይገባል፤ ልል ከሆነ ወይም በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ ከሆነ ይመለሳል። የጎማ ሽፋኑ ስንጥቅ የሌለበት፣ ከላይና ከታች በቀለበት የታሰረ መሆን አለበት። አሮጌውን ፈትቶ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ከሁሉ የተሻለ ማረጋገጫ ነው፤ የዘንጉ ውፍረት በትንሹ እንኳ ከተለያየ ዕቃው የሌላ ሞዴል ነው።

በአንዳንድ መኪኖች ቦል ጆይንቱ ከብራቾው ጋር አንድ ላይ ተሠርቷል፤ በሌሎች ደግሞ በፕሬስ ተገፍቶ የገባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሙሉ ብራቾው ይቀየራል፤ ሁለተኛዎቹ ፕሬስ ስለሚፈልጉ በመዶሻ እየደበደቡ ለማስገባት መሞከር አዲሱን ዕቃ ገና ሳይሠራ ያበላሸዋል።

አቀያየር

ቦታው ጠጣርና ደልዳላ መሆን አለበት፤ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ መኪናው በማርሽ ይደረጋል፣ የኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም ይታገዳሉ። የጎማው ዳዶዎች ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ ትንሽ ይላላሉ።

መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ ሻንሲው በብረት ድጋፍ (ካቫሌቶ) ላይ ይቀመጣል። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆያ አይደለም፤ ዘይቱ ሊያፈስ ወይም ሊንሸራተት ይችላል። በየግቢው የማይጠፋው ብሎኬት ደግሞ ከክሪክም የባሰ ነው። ግድግዳ ለመሸከም የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ ዕቃ ስለሆነ በአንድ ነጥብ ላይ የብረት ጫና ሲያርፍበት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። የብረት ድጋፍ ከሌለ ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ። የተፈታው ጎማ በቸርኬው ተኝቶ ከመኪናው ጎን ሥር ቢገባ፣ ምናልባት ድጋፉ ቢከዳ ሁለተኛ መከላከያ ይሆናል።

ጎማው ሲወጣ ቦል ጆይንቱ ከታች ይታያል። በኮሮላው ላይ ከብራቾው ጋር በአንድ ብሎንና በሁለት ዳዶ የታሰረ ሲሆን፣ ዘንጉ ወደ ላይ ገብቶ ከናክሉ ጋር በባለ ጥርስ ዳዶ ይታሰራል። ዳዶው እንዳይላላ በጥርሶቹ መካከል ኮፒላ የሚባለው የሚታጠፍ ሽቦ ያልፋል። ለዓመታት ጭቃ የጠጣ ብሎን ስለሆነ ጥርሱ በብረት ብሩሽ ተጠርጎ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጭበትና የተወሰነ ጊዜ ይተዋል። በዚህ ቦታ መቸኮል የሚያተርፈው የተቆረጠ ብሎን ነው።

ኮፒላው ተስቦ ከወጣ በኋላ ባለ ጥርሱ ዳዶ ይላላል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ በጥቂት ጥርስ ይቀራል። ዘንጉ በድንገት ሲላቀቅ ዕቃው እንዳይዘል የሚይዘው እርሱ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች በዳዶውና በአክስሉ መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የአክስሉን ጫፍ ከናክሉ ውስጥ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ዳዶው ቢላላም ዘንጉ አይወጣም። ምክንያቱም ዘንጉ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፤ የናክሉም ቀዳዳ እንዲሁ። ሾጣጣ በሾጣጣ ውስጥ ተስቦ ሲገባ ሁለቱ ብረቶች ዙሪያውን ተጣብቀው ይነካከሳሉ። ዘንጉን በቦታው አንቆ የሚይዘው ይህ ንክሻ ነው፤ የዳዶው ሥራ ሾጣጣውን ስቦ ማስገባትና እንዳይመለስ መጠበቅ ነው።

ንክሻው የሚለቀው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። ጥሩው ፑለር የሚባለውን ማላቀቂያ አስገብቶ ብሎኑን እያጠበቁ ዘንጉን መግፋት ነው። ፑለር ከሌለ ዘንጉ የገባበት የናክሉ ዓይን ከጎኑ በመዶሻ በደንብ ይመታል፤ ከጀርባው ሌላ ከባድ ብረት ከተደገፈ ይበልጥ ይሠራል። ዓይኑ ሲመታ ለቅጽበት ቅርጹ ስለሚዛባ ሾጣጣው ይለቃል። የዘንጉን ጫፍ ከላይ መምታት ግን ጥርሱን ከመጨፍለቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ሹካ የመሰለው ማላቀቂያም ይሠራል፤ ሽፋኑን ስለሚቀድድ ግን የሚጣል ዕቃ ለማውጣት ብቻ ይሁን።

ከዚያ ከብራቾው ጋር የተያያዙት ብሎንና ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ብራቾው በረጅም ብረት ወደ ታች ተገፍቶ ቦል ጆይንቱ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ናክሉ ከታች ነፃ ስለሚሆን ወደ ውጭ እንዳይሳብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ከተሳበ አክስሉ ከመጋጠሚያው ይወጣል፣ የፍሬን ቱቦውም ይወጠራል።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት የናክሉ ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ሾጣጣው ላይ ግራሶም ዘይትም አይቀባም፤ ብረት ብረትን የሚነክሰው ሲደርቅ ነው። ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ከሆነ፣ ወይም ውስጡ ከተጫረ፣ አዲስ ቦል ጆይንት ምንም አይጠቅምም፤ ናክሉ መቀየር አለበት። አሮጌው ለረጅም ጊዜ ልል ሆኖ በተነዳ መኪና ላይ ይህ ያጋጥማል።

ዳዶው የሚጠብቀው ቶርክ ሬንች በሚባለው ኃይል የሚለካ መፍቻ፣ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ በሚያዘው ልክ ነው። ቁጥሩ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የአንዱን ለሌላው መጠቀም አይገባም። ዳዶው ልኩ ላይ ሲደርስ ጥርሱና የኮፒላው ቀዳዳ ላይገጣጠሙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ዳዶው እስከሚቀጥለው ጥርስ ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ፈጽሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ወደ ኋላ ከተመለሰ የሾጣጣው ንክሻ ይላላል፣ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ መነቃነቅ ይጀምራል፣ ከጊዜ በኋላም ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል ወይም ራሱ ይሰበራል። ኮፒላው ሁልጊዜ አዲስ ነው። አንድ ጊዜ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይደክማል፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሚስማር ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ አይተካውም።

ብራቾው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝባቸው የውስጥ ብሎኖች በዚህ ሥራ አይነኩም። ተፈትተው ከሆነ ግን መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ነው። አለበለዚያ የቡሹ ጎማ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ከሥራው በኋላ

የጎማው ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ። የኮሮላው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ማለት ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ማንጠልጠል ነው። ሙሉ ሰው መፍቻው ላይ ቆሞ ሲረግጥ ብሎኑ ምን ያህል ከልክ በላይ እንደሚወጠር ከዚህ መገመት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሙከራ በዝግታ፣ ሰውና መኪና በሌለበት ቦታ ይደረጋል። መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን ይዞራል፣ ፍሬኑ ይሞከራል፣ ከዚያ መኪናው ቆሞ ኮፒላው በቦታው መሆኑና ሽፋኑ አለመጠምዘዙ ይታያል። ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የጎማው ዳዶዎች በድጋሚ ይፈተሻሉ።

የጎማ አላይመንት መመርመርም አለበት። ልል ቦል ጆይንት የጎማውን አቋም ሲያዛባ ቆይቷል፤ ምናልባትም በዚያው ባለበት ተስተካክሎለት ይሆናል። አዲሱ ሲገባ ያ ማስተካከያ ስህተት ይሆናል። ጎሚስታ ዘንድ ባላንስ ማሠራት ሌላ ነገር ነው፤ አላይመንትን አይተካም።

የሌላኛው ጎን ቦል ጆይንት በተመሳሳይ መንገድ ላይ ተመሳሳይ ኪሎ ሜትር ስለሄደ በዚሁ ቀን ቢመረመር ጥሩ ነው። ጤነኛ ከሆነ ግን ጥንድ ስለሆነ ብቻ መቀየር አያስፈልግም።